አፈ ንጉሥ ታከለ ወልደ ሐዋርያት፤ ከወኅኒ ወደ ዳኝነት ወንበር

በአገራችን ስለ ፍርድ ሁለት የቆዩ ተረቶች አሉ። አንደኛው ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች የሚለው ነው። የመጀመሪያው ንጉሥን ከሕግ በላይ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ግን ድኻ ሰው እንኳ ከንብረቱ ይልቅ ፍርድን እንደሚያስበልጥ፣ በትክክል ተፈርዶበት በቅሎውን ቢያጣ እንደሚታገሥ፣ ያለ ፍርድ ግን ጭብጦውን ቢነጠቅ እንደማይታገሥ ያስረዳል። አያቶቻችን ሁለቱንም ተረት በአንድ አፍ ሲናገሩ ኖረዋል። ሁለቱ ተረቶች የተጋጩ ዕለት ዳኛው ምን ያደርጋል? ዛሬ ታሪካቸውን በአጭሩ የምናቀርበው አፈ ንጉሥ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚህ ጥያቄ መካከል ነው።

በሰበታም ሆነ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የሚኖር ተማሪ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በፍርድ ቤት ደጃፍ ቢያልፍ የሚያየው ነገር ያው ነው። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ በጋቢው ሥር የያዘ ገበሬ፣ የውርስ ጉዳይ ያላት መበለት፣ ስለ ወሰን የተካሰሱ ጎረቤታሞች፣ አጥሩን ተደግፈው ማመልከቻ የሚያጽፉ ሰዎች ይታያሉ። እነዚህ ሁሉ ተስፋቸውን የጣሉት በአንድ ሰው ላይ ነው፤ እርሱም ዳኛው ነው። እኛ ተማሪዎች ግን የነገሥታቱንና የጦር አለቆቹን ስም ቆጥረን ስንጠራ፣ ከኢትዮጵያ ዳኞች ሦስቱን ጥራ ብንባል ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። ስለዚህ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ውስጥ የአንድ ዳኛ ሕይወት ቦታ ቢያገኝ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ታሪኩ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር ላስቀድም። እ.ኤ.አ. ተብሎ ከተጻፈው በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አገራችን አቆጣጠር ናቸው።

አፈ ንጉሥ ማለት በቃሉ ትርጉም የንጉሥ አፍ ማለት ነው። በጥንቱ ሥርዓት ዋናው ዳኛ ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ስለ ነበረ፣ በእርሱ ስም ተቀምጦ ሙግት የሚሰማውና ፍርድ የሚናገረው ሹም ይህን ስም አገኘ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፣ የዳኝነቱን ሥራ የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ነበሩ። በዚያ ዘመን አስተዳደርና ዳኝነት ገና አልተለያዩም። ወረዳውን የሚገዛ ሁሉ የወረዳው ዳኛ ነበረ። ከሳሽና ተከሳሽ በዛፍ ሥር ወይም በአደባባይ ቆመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በላ ልበልሃ እየተባባሉ ይሟገቱ ነበር፤ ማርና በቅሎ ይወራረዱ ነበር፤ ባለዕዳና ገንዘብ ጠያቂ በቁራኛ ተሳስረው አብረው ይውሉ ነበር። በመንገድ ላይ የሚጣሉ ሰዎችን አንድ አላፊ አግዳሚ በሕግ አምላክ ብሎ ቢጠራቸው እጃቸውን ሰብስበው ይቆማሉ። ሕዝቡ የሕግን ስም ከዱላ ይልቅ ይፈራ ነበር ማለት ነው። የተጻፈው ሕግ ፍትሐ ነገሥት ሲሆን፣ ይህም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ መጽሐፍ ስለ ነበረ ትርጓሜውን የሚያውቁት ሊቃውንት ብቻ ነበሩ።

ታከለ ወልደ ሐዋርያት በ1892 ዓ.ም. ግድም በሸዋ ተወለዱ። የጎለመሱበት ዘመን ታላቅ ለውጥ የተደረገበት ነው። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፣ ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ሆኑ። አልጋ ወራሹ አገሩን ወደ አዲስ ሥልጣኔ ለማምጣት ስለ ፈለጉ፣ ከታላላቆቹ መኳንንት ልጆች ሌላ በትጋታቸውና በዕውቀታቸው የታወቁ ወጣቶችን እየመረጡ ወደ ሥራ ያስጠጉ ነበር። ታከለም ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ሆኑ። ብላታ የሚለውን ማዕርግ አገኙ። በኋላ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱን እጅግ አጥብቀው የተቃወሙት ሰው በመጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ካሳደጓቸውና ከሚያምኗቸው ሰዎች መካከል እንደ ነበሩ አንባቢ ልብ ይበል። ጠላትነታቸው ከቀድሞ ቂም የመጣ አይደለም።

የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ብላታ ታከለ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ዋና ዲሬክተር ነበሩ። በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት በሽንፈት ተፈጸመ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ከመኳንንቱና ከሚኒስትሮቹ ጋር መከሩ። የምክሩ ጥያቄ አንድ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በአገር ውስጥ ሆነው ይዋጉ ወይስ ወደ ውጭ አገር ሄደው በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት አቤት ይበሉ? አብዛኛዎቹ መሄዱን ደገፉ። ብላታ ታከለ ግን አጥብቀው ተቃወሙ። በእርሳቸው አስተያየት የኢትዮጵያ ንጉሥ ሕዝቡንና ምድሩን ለጠላት ትቶ አይሄድም። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ፣ አፄ ዮሐንስ በመተማ የሞቱት በአገራቸው ምድር ላይ ነውና። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከሦስት ቀን በኋላ ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዳንዶች ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጄኔቭ ሄደው ባያቤቱቱ ኖሮ የኢትዮጵያ ስም በዓለም ፊት ይጠፋ ነበር ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ቢቀሩ ኖሮ ዐርበኛው በአንድ መሪ ሥር ይሰበሰብ ነበር ይላሉ። እኛ ተማሪዎች ለሁለቱም ወገን ጆሮ መስጠት አለብን። ለብላታ ታከለ ግን ነገሩ ክርክር ሳይሆን ፍርድ ነበር። በዚያች ዕለት በልባቸው አንድ ፍርድ ፈረዱ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ያንን ፍርድ አልሻሩትም።

ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ዓመት የዱር ዘመን ነው። ጠላት ከተማውን ቢይዝም ገጠሩን አልያዘም። ወደ ጂማ የሚወስደው የሰበታ መንገድ፣ ወደ አምቦ የሚወስደው የቡራዩ መንገድ፣ ወደ ጎጃም የሚወስደው የሱሉልታ መንገድ፣ ዛሬ እኛ በታክሲና በአውቶቡስ የምንመላለስባቸው መንገዶች፣ በዚያ ጊዜ ለጠላት የሥጋት መንገዶች ነበሩ። በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. በዝናቡ መካከል ዐርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ተነሥተው ነበር። ደጃዝማች አበራ ካሣ ከሰላሌ በኩል መጡ። በዚያው ወር አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጠላት ጥይት ተደብድበው ሰማዕት ሆኑ። የአበራ ካሣም ሕይወት በተከታዩ ዓመት ታኅሣሥ በፍቼ ተፈጸመ። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትም እጃቸውን ሳይሰጡ ከዐርበኞች ጋር ሆነው ተዋጉ።

በዱር ሳሉ በጊዜው ለብዙ ሰው እንግዳ የነበረ ሐሳብ አነሡ። ንጉሥ ከሌለ አገር እንዴት ይተዳደራል ለሚለው ጥያቄ የሪፑብሊክ መንግሥት ይቁም የሚል መልስ ሰጡ። ሕዝቡ ንጉሥ የለመደ ስለ ነበረ፣ ዘግየት ብሎ ደግሞ ከልጅ ኢያሱ ልጆች አንዱ ይንገሥ የሚለውን መንገድ ደገፉ። ሁለቱ ሐሳቦች በአንድ ላይ ሲታዩ የሚጋጩ ይመስላሉ፤ የሚያገናኛቸው ግን ሕዝቡን ትቶ የሄደ ንጉሥ ተመልሶ ሊገዛው አይገባም የሚለው ያው የመጀመሪያው ፍርዳቸው ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። አገር ነጻ ወጣች፤ ደስታ ሆነ። ብላታ ታከለ ግን የንጉሠ ነገሥቱን ወደ ዙፋን መመለስ ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ1942 ታሰሩ። አምስት ዓመት ከጠላት ጋር የተዋጋ ሰው አገሩ ነጻ በወጣች በማግሥቱ በአገሩ መንግሥት ወኅኒ መግባቱ የሚያሳዝን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከጦርነት ገና ያልተነሣ መንግሥት የዙፋኑን ተቃዋሚ ቢፈራ የሚያስገርም አይሆንም።

እርሳቸው ታስረው ሳሉ የአገሪቱ ዳኝነት አዲስ መልክ ያዘ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው የፍርድ አስተዳደር ዐዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አቆማቸው። ከላይ በአፈ ንጉሡ የሚመራው የጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፣ ከእርሱ በታች ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ከዚያም በየጠቅላይ ግዛቱና በታች እስከ ወረዳ ያሉት ፍርድ ቤቶች ሆኑ። ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት በከፍተኛው ፍርድ ቤት እንግሊዛውያን ዳኞችም ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ በየመንደሩ ትንንሽ ነገሮችን የሚያስታርቅና የሚዳኝ አጥቢያ ዳኛ በዐዋጅ ተቋቋመ። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ደረጃ በላይ አንድ የመጨረሻ ወንበር ነበረ፤ እርሱም የዙፋን ችሎት ነው። በፍርድ ቤት የተረታ ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት ብሎ ፍርዱን ሊያስመረምር ይችል ነበር። ስለዚህ አፈ ንጉሡ የፍርድ ቤቶች ሁሉ አለቃ ቢሆንም የመጨረሻው ቃል የእርሱ አልነበረም።

እዚህ ላይ የአንባቢን መገረም የሚቀሰቅስ ነገር ይመጣል። ብላታ ታከለ እ.ኤ.አ. በ1945 ከእስር ተፈቱ። ከተፈቱም በኋላ ምክትል አፈ ንጉሥ ሆነው ተሾሙ። ትናንት በመንግሥት ተቃዋሚነት የታሰሩ ሰው ዛሬ በመንግሥት ስም ሊፈርዱ ተቀመጡ። ይህ ለምን ሆነ? የዘመኑን ሹመት ሽረት የሚያውቁ ሰዎች እንደሚያስረዱት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለኛ ተቃዋሚያቸውን አርቀው ከማስቀመጥ ይልቅ በሹመት አቅርበው በዓይናቸው ሥር ማቆየት የሚመርጡበት ጊዜ ነበረ። ከዚህም ሌላ የብላታ ታከለ ዐርበኝነትና ችሎታ በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ ስለ ነበረ፣ እንዲሁ ቢተው ቅሬታ ያመጣ ነበር። ሹመቱ ለንጉሠ ነገሥቱ መልካም ዘዴ ሊሆን ይችላል። ለዳኝነት ግን አደገኛ ልማድ ነበረ፤ ምክንያቱም የዳኝነት ወንበር የሚሰጠው ለፍርድ ሲባል ሳይሆን ሰውን ለማባበል ወይም ለመጠበቅ ሲባል ከሆነ፣ በሚቀጥለው ቀን በዚያው ምክንያት ሊነጠቅ ይችላል።

እንደዚያም ሆነ። በሹመቱ ላይ ሁለት ዓመት ያህል እንደ ቆዩ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 መንግሥትን ለመገልበጥ አሢረዋል ተብለው ለሁለተኛ ጊዜ ታሰሩ። በዚህ ጊዜ እስሩ ረዘመ፤ የተፈቱት ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ሰባት ዓመት ለሰው ትንሽ ዕድሜ አይደለም። አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሰባተኛ ክፍልን የሚጨርስበት ዘመን ነው።

ከወኅኒ ሲወጡ ሹመቱ እንደገና ተከተላቸው። በመጀመሪያ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር ሆኑ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ዳኝነቱ የመጨረሻ ማዕርግ ወጡ፤ አፈ ንጉሥ ሆኑ። ሁለት ጊዜ የታሰረ ሰው የኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ሁሉ የበላይ ሆነ። እስከ እ.ኤ.አ. 1961 ድረስ በዚህ ወንበር ቆዩ።

አፈ ንጉሥ ታከለ በወንበሩ ላይ የነበሩባቸው ዓመታት በኢትዮጵያ ሕግ ታሪክ እጅግ ትልቅ ቦታ አላቸው። ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1948 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታውጆ ነበር። ይህ ሕገ መንግሥት ዳኞች በሥራቸው ነጻ እንደሆኑና ከሕግ በቀር ለሌላ ሥልጣን እንደማይገዙ ይናገራል። ይኸው ሕገ መንግሥት ግን የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ክብሩም የማይደፈር መሆኑን ይደነግጋል፤ ዳኞችን የሚሾመውም ንጉሠ ነገሥቱ ነው። በመግቢያችን ያነሣናቸው ሁለቱ ተረቶች በአንድ ሕገ መንግሥት ውስጥ ጎን ለጎን ተጻፉ ማለት ነው።

ከዚያም ታላላቆቹ የሕግ መጻሕፍት መጡ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ በ1949 ዓ.ም. ታውጆ በ1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። የ1923ቱን የወንጀል ሕግ የተካው ይህ መጽሐፍ ረቂቁ በስዊሱ ሊቅ በዣን ግራቨን የተዘጋጀ ሲሆን 820 አንቀጾች አሉት። በፈረንሳዊው ሊቅ በረኔ ዳቪድ የተረቀቀውና 3367 አንቀጾች ያሉት የፍትሐ ብሔር ሕግም ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ። በዚያው ዓመት የንግድ ሕግና የባሕር ሕግ ወጡ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ አገሪቱ በዛፍ ሥር ከሚደረገው በላ ልበልሃ ተነሥታ እስከ ሦስት ሺህ አንቀጽ ድረስ ደረሰች። የሕግ ፋኩልቲ በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሆነ፣ እነዚህ ሕጎች ሲታወጁ አብዛኛዎቹ ዳኞች ዳኝነትን በልማድና በተሞክሮ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። አዲሱን ልብስ በአሮጌው ገላ ላይ የማልበሱ ሥራ ከላይ እስከ ታች ላሉ ዳኞች ሁሉ የወደቀው በዚህ ጊዜ ነው።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ የመሩት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተደረገ። ሙከራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ፤ ጄኔራሉም ተይዘው በፍርድ ቤት ተዳኝተው በስቅላት ተቀጡ። ከዚያ ወዲህ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ጥርጣሬ በረታ። አፈ ንጉሥ ታከለም እ.ኤ.አ. በ1961 በሤራ ተጠርጥረው ለሦስተኛ ጊዜ ታሰሩ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1961 የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ታወጀ። ይህ ሕግ ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት እንዲያቀርብ ያዛል። የፍርድ ቤቶች ሁሉ አለቃ የነበሩት ሰው ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1966 ድረስ ከእስር አልወጡም። አንባቢ ሁለቱን ነገሮች አስተያይቶ የራሱን አስተያየት ይስጥ።

የሦስቱን እስር ዓመታት ብንደምራቸው ወደ ዐሥራ አምስት ዓመት ይጠጋሉ። ከነጻነት በኋላ ከኖሩበት ዘመን ግማሹን ያህል በእስር አሳለፉ ማለት ነው። ሆኖም አልተለወጡም። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ሲጠጋ፣ በኅዳር ወር 1962 ዓ.ም.፣ በሌላ ሤራ ተጠርጥረው ሊይዟቸው ከመጡ ፖሊሶች ጋር ተታኩሰው ሞቱ። የ1928ቱ ዐርበኛ በእጁ ጠመንጃ እንደያዘ አለፈ። ከአምስት ዓመት በኋላም፣ በመስከረም 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከዙፋን ወረዱ። የዙፋኑ ሥርዓት ሲያበቃ አፈ ንጉሥ የሚለው ማዕርግም ከፍርድ ቤቶቻችን ቀረ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? ነገሩን ለማየት ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እናምጣ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር ኤድዋርድ ኮክ የሚባል ዳኛ ነበረ። ንጉሡ ጀምስ ከስኮትላንድ መጥቶ በእንግሊዝ ላይ የነገሠ ሲሆን፣ እኔም አእምሮ አለኝና ራሴ ተቀምጬ ብፈርድስ የሚል አሳብ ነበረው። ኮክ ግን ሕግ በረጅም ትምህርት የሚገኝ ዕውቀት መሆኑንና ንጉሥም ከሕግ በታች መሆኑን አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1616 ከዳኝነቱ ተሻረ፤ በኋላም ታሰረ። ሲፈታ ወደ ምክር ቤት ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1628 የንጉሡን ሥልጣን የሚወስን ጽሑፍ ከሌሎች ጋር አዘጋጀ። እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1701፣ ንጉሥ ዳኛን እንደ ወደደ እንዳይሽር የሚከለክል ሕግ በእንግሊዝ ወጣ።

ሁለቱ ዳኞች በድፍረት ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ወንበራቸውን አጡ፤ ሁለቱም ታሰሩ። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። ኮክ ሲሻር የሚገባበት ሌላ ደጅ ነበረው፤ ተከራክሮ ሕግ የሚያስወጣበት ምክር ቤት ነበረ። አፈ ንጉሥ ታከለ ግን ወንበራቸውን ሲያጡ በፊታቸው የነበሩት መንገዶች ሁለት ብቻ መስለው ታዩአቸው፤ ዝም ማለት ወይም ማሤር። ዝም ማለት ከጠባያቸው ጋር የሚስማማ አልነበረም። ሤራው ደግሞ ወደ ወኅኒ፣ በመጨረሻም ወደ ሞት ወሰዳቸው።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ በሕግ ሊፈርድ የተቀመጠ ሰው በሤራ መንግሥትን ለመጣል ማሰቡ ራሱ ሕግን ማፍረስ አይደለምን? ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ እኛም ሸፋፍነን አናልፈውም። ዳኛ ተበደልሁ ብሎ ጠመንጃ ካነሣ፣ በወረዳው ፍርድ ቤት የተረታው ገበሬ ለምን አያነሣም? ስለዚህ የአፈ ንጉሥ ታከለን ጽናት እያከበርን፣ መንገዳቸውን ግን ለልጆች የሚሰጥ ምሳሌ አድርገን ማቅረብ አንችልም። በሌላ ወገን ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በእርሳቸው ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በንጉሥ ላይ ያለውን ቅሬታ በሰላም የሚሰማ ችሎት በአገሪቱ አልነበረም። ንጉሥ አይከሰስ ተብሎ በሩ ከተዘጋ፣ ከሳሹ በመስኮት ለመግባት መሞከሩ አይቀርም።

እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ሰው ሕይወት ዋና ትምህርት ይህ ነው። ዳኛን የሚሾመውና ዳኛን የሚያስረው እጅ አንድ ከሆነ፣ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የቱንም ያህል ደፋር ቢሆን ዳኝነቱ ነጻ አይሆንም። አፈ ንጉሥ ታከለ ድፍረት አልጎደላቸውም። በጠላት ፊት ታይተዋል፤ በንጉሥ ፊትም ታይተዋል። የጎደለው ድፍረታቸውን ተሸክሞ ወደ ሕግ የሚያደርስ ሥርዓት ነው። የአንድ ሰው ጀግንነት የሥርዓትን ጉድለት አይሞላም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም የዳኝነት ነጻነትን ደንግጓል። ነገር ግን በወረቀት የተጻፈው ነጻነት በሥራ እንዲታይ የሚያደርጉት ሰዎች ናቸው፤ እነዚያ ሰዎችም ዛሬ በየክፍሉ በዴስክ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ነገ ከመካከላችን ዳኛ፣ ጠበቃ፣ ፖሊስ ወይም አስተዳዳሪ የሚሆን ይኖራል። በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ዳኛ ሆነን ስንፋረድ፣ የክፍል አለቃ ሆነን ጓደኛችንን ስንከስ፣ የተከሰሰው ሳይሰማ ባንፈርድ የዳኝነትን ፊደል ከአሁኑ እንቆጥራለን። ወላጆችም ልጆቻቸው በቤት ውስጥ ሲጣሉ የሁለቱንም ቃል ሰምተው ቢያስታርቁ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት እርሱ ነው። በደጃፉ የምናልፈው ያ ገበሬ፣ ወረቀቱን በጋቢው ሥር ይዞ የሚጠብቀው፣ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ቢፈረድለት ደስ ብሎት፣ ቢፈረድበትም በቅሎዬ በፍርድ ሄደች ብሎ ተጽናንቶ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ቀን ይጠብቃል። አፈ ንጉሥ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ያንን ቀን ሳያዩ አለፉ። እንዲመጣ የማድረጉ ሥራ ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም፤ ለእኛ ቀርቷል።